የተጣመመ ራይዘር ይለወጥልኝ ወይም ገንዘቤ ይመለስልኝ

ኅዳር 15 ቀን 2018 ዓ.ም.
ሐዋሳ

ለድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጉድለት ያለበት የደጋን ራይዘር ስለመሸጡ

ጤና ይስጥልኝ።

ኅዳር 4 ቀን ከሱቃችሁ ባለ 25 ኢንች ራይዘር፣ ማለትም በእጅ የሚያዘውን የደጋኑን መሃለኛ ክፍል፣ በ34,000 ብር ገዛሁ። በአውቶብስ ላካችሁልኝና በማግስቱ ሐዋሳ መናኸሪያ ሄጄ ተቀበልኩ። ካርቶኑ ጭረት እንኳ አልነበረውም። በሦስተኛው ቀን ደውዬ ችግሩን ተናገርኩ። ከዚያ ወዲህ ሦስት ጊዜ ደውያለሁ፣ ፎቶም ልኬያለሁ። ያገኘሁት መልስ ስላላረካኝ ነው ለእርስዎ የምጽፈው።

እኔ መምህርት ነኝ። ገንዘቡ ዕቁብ ደርሶኝ ያገኘሁት ነው። የአቅሜን ልክ ለሻጫችሁ ከመጀመሪያው ነግሬዋለሁ። ርካሽ የእንጨት ደጋን ገዝቼ መጀመር እችል ነበር። የእነዚያ ሊምብ (ከራይዘሩ ላይና ታች የሚገጠመው ተለማጭ ክንፍ) ግን አብዛኛውን ጊዜ በብሎን የሚታሰር ስለሆነ በኋላ የሌላ አምራች ልግጠም ቢሉ ብዙ ጊዜ አይሆንም። አይ.ኤል.ኤፍ በሚባለው አገጣጠም የተሠራ ራይዘር የብዙ አምራቾችን ሊምብ ይቀበላል። ዛሬ ለመሳብ የ22 ፓውንድ ጉልበት በሚጠይቅ ሊምብ እጀምራለሁ። ጀርባዬና ክንዴ ሲጠነክር 26፣ ከዚያ 30 እያልኩ ሊምቡን ብቻ እለውጣለሁ። ራይዘሩ ለዓመታት አብሮኝ ይቆያል። በሊምቡ ቆጥቤ ያለኝን ራይዘሩ ላይ ያዋልኩት ለዚህ ነው። ቀለሙ ቢያስጠላ እንኳ ግድ አልነበረኝም። ቀጥ ያለ ይሁንልኝ ብቻ ነው ያልኩት።

ከመክፈሌ በፊት በቴሌግራም ሦስት ነገር ጠይቄያለሁ። በግራ ተይዞ በቀኝ የሚሳብ ነው ወይ? አይ.ኤል.ኤፍ ነው ወይ? ሊምቡን ወደ ግራና ቀኝ ማስተካከያ አለው ወይ? መልሱ «አዎ እህቴ፣ ሦስቱንም ያሟላል» የሚል ነበር። መልእክቱ እስካሁን ስልኬ ላይ አለ።

ራይዘሩ ማስተካከያ የለውም። የሊምቡ መቀመጫ ላይ ያለው ፒን ተመትቶ የገባ ነው፤ የሚፈታ ብሎን የለውም፤ ሽም (ለማስተካከያ የሚገባ ስስ ቀለበት) የሚገባበት ቦታም የለውም። መቀመጫው ቀጥ ቢል ኖሮ ይህንን እንኳ እችለው ነበር። ግን ቀጥ አላለም። ደጋኑን ወጥሬ ከኋላ ስመለከተው፣ ክሩ የላይኛውን ሊምብ መሃል ለመሃል ይከፍለዋል። ታች ሲደርስ ግን ከመሃል ወደ ግራ 5 ሚሊ ሜትር ያህል ይሸሻል።

በመጀመሪያ ሊምቡን ጠረጠርኩ። ላይና ታች አቀያየርኳቸው። ጥመቱ ከሊምቡ ጋር ወደ ላይ አልሄደም፣ እዚያው ታች ቀረ። ከዚያ የጓደኛዬን ራይዘር ተውሼ እነዚያኑ ሊምቦች ገጠምኩበት። ክሩ እንደ መስመር ቀጥ አለ። እንግዲህ ጥፋቱ የሊምቡም የክሩም አይደለም። በመንገድ ላይ ተጣሞ ነው እንዳይባል፣ ይህን ያህል ወፍራም አሉሚኒየም ካርቶኑ ሳይነካ አይጣመምም።

ሻጩ «ለጀማሪ ምንም አይልም» አለኝ። ከሁሉም ያሳዘነኝ ይህ ነው። ልምድ ያለው ተኳሽ ደጋኑን አንዴ አይቶ ያስቀምጠዋል። እኔ ግን ታቦር ተራራ ሥር ባለው ግቢ፣ በ18 ሜትር፣ ሁለት ቀን ሙሉ ራሴን ስወቅስ ዋልኩ። ፍላጻዎቼ ወደ አንድ ጎን ሲሄዱ አያያዜን ቀየርኩ፣ አቋቋሜን ቀየርኩ፣ ጣቶቼ እስኪላጡ ሳብኩ። ስህተቱ ከእጁ ይሁን ከዕቃው መለየት የማይችለው ጀማሪ ነው። ለጀማሪ ነው ቀጥ ያለ ዕቃ የሚያስፈልገው።

አደጋም አለው። ክሩ ከመሃል የሸሸ ደጋን ሊምቡን እየጠመዘዘ ያበላሻል። ክሩ ከሊምቡ ጫፍ ሊያመልጥም ይችላል። ከእኔ ጋር የ14 ዓመት ልጆች ይለማመዳሉ። ይህን ደጋን ለእነሱ አላስነካም።

«ከተጠቀሙበት በኋላ አይመለስም» የሚለው የሻጩ መልስም አልገባኝም። ጥመቱ የሚታየው ሊምብ ተገጥሞ ክር ሲወጠር ነው። ሳልወጥረው በምን ላውቅ? የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። እኔም ሳልዘገይ ነው ያሳወቅኩት።

ስለዚህ ማስተካከያ ያለው፣ ባለ 25 ኢንች፣ የቀኝ እጅ አይ.ኤል.ኤፍ ራይዘር ይለወጥልኝ። ከመላካችሁ በፊት ሊምብ ገጥማችሁ፣ ክር ወጥራችሁ ከኋላ ያነሳችሁትን ፎቶ ላኩልኝ። እንዲህ ዓይነት ከሌላችሁ 34,000 ብሩ በገዛሁበት ቴሌብር ይመለስልኝ። የማመላለሻውን ወጪ በሁለቱም በኩል ድርጅቱ ይሸፍን። ከዚሁ ሥሪት መደርደሪያ ላይ የቀሩ ካሉ፣ ለሌላ ሰው ከመሸጣቸው በፊት አንድ በአንድ እንዲታዩ አደራ እላለሁ።

ራይዘሩን ከነካርቶኑና ከነደረሰኙ አስቀምጬዋለሁ። መልሳችሁን እስከ ኅዳር 22 ቀን በጽሑፍ እጠብቃለሁ። ፎቶዎቹና የቴሌግራሙ ምልልስ ከዚህ ደብዳቤ ጋር ተያይዘዋል።

ከአክብሮት ጋር
ደንበኛችሁ፣ ከሐዋሳ