አምባዛ ዓሣ ለምን ይጣላል?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ጅማ ዙሪያ፣ ወደ ግልገል ጊቤ ግድብ የሚወርዱትም ጭምር፣ ከዳር ቆመው መንጠቆ ከሚጥሉት ብዙዎቹ «ከቆሮሶ (ቲላፒያ) ሌላው ዓሣ ድካም ነው» ይላሉ። ግማሹ እውነት ነው። የቆሮሶ ሥጋ ነጭ ነው፣ እሾሁም ጥቂት፤ ከአንድ ኪሎ ግን የሚገኘው ንጹሕ ሥጋ ሲሶው ያህል ብቻ ነው። አፉ ትንሽ ስለሆነ መንጠቆው ከተለቀ ትሉን በልቶ ይሄዳል። ትንሽ፣ ቁጥር 8 ወይም 10 መንጠቆና ግማሽ ትል፣ ከውሃው ሥር ካለው መሬት አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ፣ ይበቃዋል። አፏ ውስጥ እንቁላል የያዘች ከወጣች ወዲያው ትመለስ፤ ጫጩቶቿን የምታሳድገው እዚያው ነው።

ቢልጫ የሚባለው ዓሣ መንጠቆ ላይ ሲታገል ደስ ይላል፣ ለገበታ ግን ጭንቅ ነው፦ ባላ የመሰለ ቀጭን እሾህ ሥጋው ውስጥ ተሰግስጓል። ጎንና ጎኑን በየ3 ሚሊ ሜትሩ በቢላ ተልትሎ በጋለ ዘይት መጥበስ ነው።

አምባዛን ቅርፊት የለውም ብሎ የሚተው በእምነቱ ነው፤ አንከራከርም። «ጭቃ ጭቃ ይላል» ለሚል ግን፣ ቆዳው ተገፎ፣ ጎኑ ላይ ያለው ቀይ ሥጋ ወጥቶ፣ በሎሚና በጨው 20 ደቂቃ ይቆይና ይቅመሰው። የሚያዘው ማታ፣ ከታች፣ በጉበት ቁራጭ ነው። የጎን ክንፉ እሾህ ክፉኛ ይወጋል፤ በጨርቅ ይያዝ።

መንጠቆ ወዳጆች፣ ከጅማ