ለአባባ፣ በተማሪዎ አንደበት

ጳጉሜን 2 ቀን 2017 ዓ.ም.
ሜሪላንድ

ይድረስ ለውድ አባቴ፤

ለጤናዎ እንደምን ሰነበቱ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነን። በስልክ እንዳልነግርዎ መስመሩ አንድ ቀን ቢገኝ ሦስት ቀን ይጠፋል፤ ሲገኝም ጋሼ ከጎንዎ ሆኖ እርስዎን ወክሎ ይመልስልኛል። ስለዚህ በሰው እጅ መላክ ይሻላል አልሁ። ደብዳቤውን የያዘችው ሴት እስከ ጎንደር ከተማ ትደርሳለች። ከዚያ ወዲያ ያለውን መንገድ ጋሼ ያውቀዋል፤ ሰላም ካልሆነ ዕቃው ይቆይ፣ እርሱ አይንቀሳቀስ።

አስቀድሜ ስለ ጠብታው። ማታ ማታ ነው፣ በሁለቱም ዓይን አንድ አንድ ጠብታ። በፍልሰታ አቁመውት እንደ ነበር ሰምቼ አዘንሁ። ጠብታ ጾም አያስገድፍም፤ የንስሐ አባታችንን ጠይቄ ነው የምጽፍልዎ። ጠበሉንም አይተዉ፣ ጠብታውንም አይተዉ። የዓይን ግፊት የወሰደውን አይመልስም፤ መድኃኒቱ የሚጠብቀው የቀረውን ነው። ያልተከፈተው ብልቃጥ ቀዝቃዛ ቦታ ይቀመጥ፤ መብራት ከሌለ ከእንስራው አጠገብ ያድርጉት።

የልጅ ልጅዎ አሥራ ስድስት ዓመት ሞላት፤ በቁመት በልጣኛለች። ውዳሴ ማርያምን በቃሏ ይዛለች፤ የሐሙስ ላይ ስትደርስ ብቻ ትሰናከላለች። ጸ እና ጠ አሁንም ያስቸግሯታል። መንጃ ፈቃድ ልታወጣ ነው፤ እኔ ግን እንቅልፍ አጥቻለሁ። ታናሽ ወንድሟ ዲያቆን እሆናለሁ ይላል፤ ባለፈው ሳምንት ደግሞ እግር ኳስ ተጫዋች ነበር።

ስለ ደብራችን ልንገርዎ። በ2011 ለሁለት መከፈላችንን ጋሼ ነግሮዎታል። ግማሹ፣ ከአገር ቤቱና ከስደቱ ሲኖዶስ እርቅ በኋላ ለየትኛውም ሳይገዙ ገለልተኛ መሆን ምን ያስፈልጋል፣ በሲኖዶሱ ሥር እንግባ አለ። ግማሹ፣ ቤቱ በእኛ ላብ የተገዛ ነውና ውሉ በቦርዱ እጅ ይቆይ አለ። ነገሩ ፍርድ ቤት ደረሰ፤ አንድ እሑድ በቅዳሴ ሰዓት ፖሊስ በር ላይ ቆሞ አየን። የወጡት የፕሮቴስታንቶችን አዳራሽ ተከራይተው፣ ባለቤቶቹ ሳይገቡ በሌሊት እየቀደሱ ኖሩ። ክርስትና አብረው የተነሡ ልጆች በገበያ ሲገናኙ እንዳይተያዩ እጃቸውን እየሳብን አሳለፍናቸው።

አምና በጳጉሜን፣ የሁለቱም ወገን ንስሐ አባት የሆኑ አንድ አረጋዊ ቄስ ሽማግሌዎቹን ሰበሰቡ። «ስለ ውሉ፣ ስለ ሒሳቡ፣ ስለ ደንቡ አንድ ዓመት አናውራ። ከመስከረም እስከ ጳጉሜን በዓላቱን አብረን እንቁም፤ ዓመቱ ሲዞር የምንናገረው ከተረፈን ያኔ እንናገራለን» አሉ። እኔ ሽሽት መስሎኝ ነበር። በእኛ ቤት ዝም ማለት ምን እንዳደረገ አውቃለሁና።

ለመስቀል የእሳት ፈቃዱ የወጣው ለአንድ ደመራ ብቻ ስለ ነበር ሁለቱም ወገን በመኪና ማቆሚያው ላይ አንድ ደመራ ደመረ። ያ ወረቀት ከሽማግሌዎቹ ሁሉ የበለጠ አስታራቂ ሆኖ ተገኘ። መስከረም 26 እሑድ ስለ ዋለ ማኅሌተ ጽጌው በዚያው ሌሊት ተጀመረ። አባባ፣ ይህን ቢያዩልኝ እንዴት በወደድሁ! ሆስፒታል የሚያድሩት ነርሶች ከነሥራ ልብሳቸው ነጠላ ደርበው ይገባሉ፤ ታክሲ ነጂዎቹ መኪናቸውን ከውጭ አቁመው መቋሚያ ያነሣሉ። ከእነዚያ ወገን የመጡት መሪጌታ በአቋቋም ስልታቸው የላይ ቤት ናቸው፣ የእኛው የታች ቤት። በመጀመሪያው ቅዳሜ ማን ይምራ በሚል ተኳረፉ፤ በሁለተኛው አንዱ ሲመራ ሌላው ጸናጽሉን ይዞ ዝም አለ፤ በአራተኛው ግን በወረብ ተቀባበሉ። እርስዎ ቢኖሩ በመጀመሪያው ሌሊት መቋሚያዎን መሬት ላይ መትተው ዝም ያሰኟቸው ነበር። የእመቤታችንን ስደት እየዘመሩ ማደር ለእኛ ለስደተኞቹ ምን እንደሚሆን እርስዎ አያውቁትም፤ ከደጀ ሰላሙ ርቀው አያውቁምና።

ጥምቀት እሑድ ዋለ፤ ብርዱ አጥንት ይሰብር ነበር። ብዙም አልልም።

ጾሙ ሲገባ ከበሮውና ጸናጽሉ ተሰቀሉ፤ ሥራው ሁሉ በጾመ ድጓው ሆነ። እኔ እንደሚመስለኝ የረዳን ይህ ጸጥታ ነው፤ በከበሮው መካከል ሆነን ያልተያየን ሰዎች መተያየት ጀመርን። በገብር ኄር እሑድ የመክሊቱ ወንጌል ተነበበ። ከቅዳሴ በኋላ የቀድሞው ሒሳብ ያዥ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ በ2011 ይዞት የወጣውን የሒሳብ መዝገብ ከመኪናው አምጥቶ ሻይ የሚቀርብበት ጠረጴዛ ላይ አኖረው። ማንም አልገለጠውም። አንዲት እናት ቡና እንዳይፈስበት ወደ ዳር ገፋ አደረጉት፣ በቃ። ፋሲካችን ዘንድሮ ከፈረንጆቹ ጋር በአንድ ቀን ስለ ዋለ በስቅለት ትምህርት ቤት ተዘግቶ ነበርና ልጆቹ ሳይቀሩ ሲሰግዱ ዋሉ። ማታ በወይራ ቅጠሉ ጥብጣብ ሲሰጥ፣ ፍርድ ቤት የተካሰሱት ሁለቱ ሰዎች በአንድ ተራ ላይ ተገናኙ፤ ቄሱም ለሁለቱም እኩል ስግደት አዘዙ።

ሁሉም ተመልሷል ብዬ አልዋሽዎም። የቀሩ አሉ፤ ከሁለቱም ተቀይመው ከነጭራሹ ቤታቸው የተቀመጡ አሉ። የቤቱ ውልም አልተነካም፤ ስብሰባው ከዕንቍጣጣሽ በኋላ ነው፣ ፈርቼዋለሁ።

ይህን የምታነብላቸው ልጄ፤ ስምህን አላውቅም፣ ለዓይናቸው ምትክ ስለሆንህላቸው እግዚአብሔር ይስጥህ። ቤት ውስጥ ሌላ ሰው ካለ እዚህ ላይ አቁም። ቀሪውን ማታ፣ ተማሪዎቹ ለቀለም ሲወጡ አንብብላቸው። ከተቆጡም አትደንግጥ፣ ቁጣቸው በአንተ አይደለም።

አባባ፣ በ1999 ተክሊል ሳደርግ በጋሼ እጅ ያጻፉትን መልስ አልጣልሁትም። «ከገለልተኛ እጅ የተቀበለችውን አላውቅላትም፤ እረኛ ከሌለው መንጋ ውስጥ ገብታለች» ይላል። እቴቴ ስትሞት እኔና ባለቤቴ የላክነው ገንዘብ ለአጥሩ ዋለ እንጂ ለተዝካሯ አልገባም። ጋሼ ሊደብቀኝ ሞክሮ ነበር። አጥሩ አሁንም እንደ ቆመ እሰማለሁ።

ከዚያ ሐምሌ 2010 መጣ። እዚሁ ዋሽንግተን ሁለቱ ሲኖዶሶች አንድ ሆኑ፣ ውግዘቱ ከሁለቱም ወገን ተነሣ። እኛ ስናለቅስ አመሸን። ያን ሌሊት ስልኬን ከትራሴ ሥር አድርጌ ተኛሁ። ሐምሌ 25 ቀን በስደት የኖሩት ፓትርያርክ አቡነ መርቆሬዎስ አዲስ አበባ ሲገቡ ጎረቤት ሄደው ቴሌቪዥን እያዩ ማልቀስዎን ጋሼ ነገረኝ። የጎንደር ሊቀ ጳጳስ ሳሉ መስቀላቸውን የተሳለሙ ነዎትና አልገረመኝም። ለእርሳቸው አለቀሱ፤ ለእኔ ግን አልደወሉም። ሰባት ዓመት ሆነ። ሁለት ሲኖዶሶች የፈቱትን እኔና እርስዎ አሁንም እንደ ቋጠርነው ነው።

ማሳደግዎን፣ የእርስዎን ጋቢ አልብሰው ትምህርት ቤት መስደድዎን፣ የበቅሎዋንም ነገር አልረሳሁም። ስለ በቅሎዋ ሳስብ አሁንም እስቃለሁ።

የምለምንዎ ይቅርታ አይደለም፤ ተክሊሌን ይወቁልኝም አልልም። ማታ ሲጸልዩ ሁላችንንም በክርስትና ስማችን እንደሚያነሡ የጋሼ ባለቤት ነግራኛለች። እቴቴን፣ ጋሼን፣ እኔን፣ ልጆቼን፣ የሞቱትንም የታመሙትንም ያነሣሉ። ባለቤቴ የለበትም። አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ ስሙን ጠይቀውኝ አያውቁም። ይህን ጠብታ በየወሩ ሳይረሳ የሚገዛው እርሱ ነው፤ እኔ እንዳልመሰልዎ። ጾመ ነቢያት ሳይገባ ልጅቷን ይዤ ልመጣ አስቤያለሁ፤ መንገዱ ከተከፈተ፣ እርስዎም ዓይንዎ… ይህን አልጨርሰውም። ጠብታውን ብቻ አያቋርጡ።

ሰማያዊው ጋቢ የእርስዎ ነው፣ ጫማው የጋሼ፣ ደብተሮቹ የተማሪዎቹ። የባለቤቴን የክርስትና ስም በትንሽ ወረቀት ጽፌ ከጠብታው ካርቶን ውስጥ አድርጌዋለሁ። ተማሪው ካርቶኑን ባዶ መስሎት እንዳይጥለው ይንገሩልኝ።

ልጅዎ