የሥነ ጥበብ ክበብ፦ አምስት በር፣ አራት ወቅት፣ አንድ ፍየል

መስከረም ላይ የክበቡን ልጆች «ያያችሁትን ሕልም ንገሩኝ» ብዬ ጀመርኩ። መጀመሪያ ሳቅ ብቻ ነበር። ቆይቶ አንዱ ከጁገል፣ ከሐረር የጥንት ግንብ ላይ ሲወድቅ እያየ እንደሚባንን ተናገረ። አንዷ ደግሞ የሞቱት አያቷ በሐረሪ ሲያናግሯት እሷ በኦሮምኛ ትመልሳለች። ፈተና አምልጧቸው የሚባንኑትማ ብዙ ናቸው፤ ባልደረቦቼ ልብ በሉ! ሕልም እንደ ፈቺው ነው ይባላል። እኛ መፍታቱን ለቤተሰብ ትተን መሣሉን ያዝን።

ያሰብነው እንደ ድሮዎቹ የንግሥተ ሳባ ታሪክ ሥዕሎች ነው። ብዙዎቹ ጨርቅ ላይ በ44 ትንንሽ ሣጥኖች ተከፍለው ከግራ ወደ ቀኝ ይነበባሉ። ለ44 አቅሙ የለንም። ልጆቹ «በጥንቶቹ የጁገል በሮች ልክ አምስት ይብቃን» አሉ፤ ሸዋ በር፣ ቡዳ በር፣ ሰንጋ በር፣ ኤረር በር፣ ፈላና በር። በየበሩ አንድ ወቅት፣ ከነሕልሙ። ወቅት ግን አራት ነው፤ መፀው፣ በጋ፣ ጸደይ፣ ክረምት። አንዱ በር ባዶውን ሊቀር ሲል ከኋላ የተቀመጠ ልጅ «ጳጉሜስ?» አለ። በዚሁ ተወሰነ።

አቡጀዲ ገዝተን ቀለም እንዳይመጥ የዱቄት ሙጫ ቀባነው። ቡናማው ከቡና አተላ፣ ቢጫው ከእርድ፣ ጥቁሩ ከከሰል። የመኪና ግርግር መንገድ ልብስ ሰፊዎች ቁርጥራጭ ጨርቅ በነፃ ሰጡን። መፀው በማሽላ እሸት ሞላ። ጸደይ ላይ ነጭ የቡና አበባ አለ፤ ከሁሉም የተዋጣው እሱ ነው።

ትልቁ ጭቅጭቅ በጅብ ተነሣ። በባህላዊ ሥዕላችን ደግ ሰው ፊቱ ሙሉ፣ በሁለት ዓይን ይሣላል፤ ክፉው በጎን፣ በአንድ ዓይን። ጅብስ? ግማሾቹ «ጅብ ያው ጅብ ነው፣ አንድ ዓይን ይበቃዋል» አሉ። የአያቷ ሕልም ያላት ልጅ ተቆጣች። «በአሹራ በዓል ገንፎ በቅቤ የምናበላውን?» ሁለት ክፍለ ጊዜ በዚህ አለቀ። አሹራ ደግሞ በጨረቃ ስለሚቆጠር በየወቅቱ ይዞራል፤ የቱ በር ላይ ይሣል? በመጨረሻ ጅቡ በአምስቱም በሮች ገባ፤ አንዱ ጋ ሁለት ዓይን፣ ሌላው ጋ አንድ። እኔን ከጠየቃችሁ ባለ አንድ ዓይኖቹ ያምራሉ። ለልጅቱ ግን አልነገርኳትም።

ግንቦት ላይ ሥራውን ግቢ ውስጥ አሰጣነው። የዱቄቱ ሙጫ የሸተታት ፍየል መጣችና የጳጉሜን ጥግ በላችው። እኔ አንገቴን ስደፋ ልጆቹ ተንከተከቱ። «ጳጉሜ ድሮም አጭር ናት» አለ ያው ባለ ሐሳቡ።

የክረምቱ ሣጥን ከጅቡ በቀር ባዶ ነው። በዚያ ወቅት ትምህርት ቤት ዝግ ነውና ክረምትን አብረን አይተነው አናውቅም። ስለዚህ ሰኔ ላይ ለእያንዳንዱ መዳፍ የምታህል አቡጀዲ ቆርጬ ሰጠሁ። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድብ ያዩትን ሕልም ሥለው ያመጣሉ፤ መስከረም ላይ እንሰፋዋለን።

ትርፍ አቡጀዲ ያላችሁ ወላጆች ለክበቡ አስቡልን። ፍየል ያላችሁም እሰሩልን።