ደወሉን ለልጄ ለሰጡት ጋሼ፣ ለሌሎቻችሁም

ካርድ የተሰጠ ዕለት ማታ ነበር ልጽፍላችሁ የፈለግኩት። እንባዬ አላስጻፈኝም። ይኸው ሦስት ቀን አለፈ፤ ዛሬ ረጋ ብያለሁ።

ልጄ ከ46 ተማሪ 41ኛ ወጣ። ሰው ሲሰማ "አይዞሽ" ይለኛል። ምን አይዞሽ ያስፈልገኛል? አምስት ልጅ በልጦ እኮ ነው! መስከረም ላይ ክፍል ውስጥ አሥር ደቂቃ መቀመጥ አቅቶት የነበረ ልጅ ነው። ዕድሜው ዘጠኝ ነው። ኦቲዝም አለበት። አንደኛ ክፍል "ለ"ን ጨርሶ ወደ ሁለተኛ ተዛውሯል።

እዚህ ለመድረስ አራት ትምህርት ቤት አንኳኩቻለሁ። ስማቸውን አልጠራም፤ ምን ያደርግልኛል። አንዱ "ሞልቷል" ብሎኝ በማግስቱ የጎረቤቴን ልጅ መዘገበ። ሌላው "የሌሎቹን ልጆች ወላጆች ምን እንበላቸው?" አለኝ። ያቺ ጥያቄ ዛሬም ትከነክነኛለች።

ጠበቃ የሆነው የአክስቴ ልጅ አንድ ወረቀት አትሞ ሰጠኝ። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ካጸደቀችው የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት አንቀጽ 24 ነው። ልጅ በአካል ጉዳቱ ምክንያት ከመደበኛው ትምህርት እንዳይገለል፣ የሚያስፈልገው ድጋፍም እንዲደረግለት ይላል። አጣጥፌ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩና እንደ ክታብ ይዤው ዞርኩ።

ርዕሰ መምህርታችን፣ እርስዎ ቢሮ ስገባም ቦርሳዬን ጨብጬ ነበር። ለጠብ ተዘጋጅቼ ነው የመጣሁት፣ አልዋሽዎትም። እርስዎ ግን እስክሪብቶ አነሱና "ምን ያስደስተዋል? ምንስ ያስፈራዋል?" አሉኝ። ወረቀቴን ሳላወጣው ወደ ቤቴ ተመለስኩ። አሁንም ቦርሳዬ ውስጥ አለ፤ ጠርዙ ብቻ ተበልቷል።

የልዩ ፍላጎት መምህርታችን፣ ለአንቺ ምን ብዬ እንደምጀምር አላውቅም። "በአንድ ቀን ሙሉ ተማሪ አናደርገውም" ያልሽኝ ትዝ ይልሻል? እኔ ቸኩዬ ነበር። መጀመሪያ ሁለት ክፍለ ጊዜ ብቻ ተምሮ ይዤው እወጣ ነበር። ከኅዳር በኋላ እስከ ምሳ ቆየ። ከገና መልስ ሙሉ ቀን። ዴስኩ ላይ የለጠፍሽለት የሥዕል ካርዶች ናቸው የያዙት፦ እጅ መታጠብ፣ መቀመጥ፣ መጻፍ፣ እረፍት። የጨረሰውን ካርድ ይገለብጠዋል። ቀጥሎ ምን እንደሚመጣ ካወቀ አይጮህም። ይህን ነገር ቤትም ጀመርነው። አሁን ባለቤቴም ፍሪጅ ላይ የራሱ ካርድ አለው፤ "ቆሻሻ ማውጣት" የሚለውን ግን ሳያወጣ ነው የሚገለብጠው።

የክፍሉ መምህርት፣ 46 ልጅ ይዘሽ ለአንዱ የተለየ ልምምድ ማዘጋጀት ምን እንደሚያደክም አውቃለሁ። ልጄ የታክሲ ረዳት ነገር ይወዳል። የሰማውን ይደጋግማል። የመጀመሪያ ሳምንት ክፍል መሃል ተነስቶ "ሳሪስ አቦ፣ ሳሪስ አቦ! አንድ ሰው!" ሲል ልጆቹ በሳቅ ሞቱ። እኔ መስኮት ላይ ቆሜ መሬት ተሰንጥቃ በዋጠችኝ አልኩ። አንቺ አልተቆጣሽም። ሰልፍ ላይ አወጣሽውና "በል ጫንልኝ" አልሽው። "ጠጋ ጠጋ በሉ!" አለ። 45 ልጅ ተጠጋለት። እስከ ሰኔ ድረስ የአንደኛ "ለ" ሰልፍ በሱ ትእዛዝ ነው የገባው።

ሁሉም ነገር ማር ነበር ማለቴ አይደለም። ጥር ላይ ልጄ የጎኑን ልጅ ክንዱ ላይ ነከሰው። በጥርሱ ምልክት አስቀመጠበት። የዚያ ልጅ እናት፣ በማግስቱ ወደ እኔ ስትመጪ "አበቃ፣ ልታስባርረው ነው" ብዬ ነበር። አንቺ ግን "የኔው ነው፣ ካርዱን ደብቆበት ነው። ማታ ተናዘዘልኝ" አልሽኝ። እዚያው አጥሩ ሥር ተቀምጠን አለቀስን። ሁለቱ አሁንም ጎን ለጎን ይቀመጣሉ።

የምገባ እናቶች፣ ልጄ ዳቦ ሻይ ከነካው እንደማይበላ፣ ወጥ እንጀራው ላይ ከፈሰሰ እንደሚያለቅስ አንድ ጊዜ ብቻ ነው የነገርኳችሁ። በዚያ ሁሉ ሰልፍ መሃል የሱን ለብቻ፣ ደረቁን፣ በሌላ ሳህን ታስቀምጡለት ነበር። "ቀበጥ ነው" ያለ አንድም አልነበረም። ቢኖርም አልሰማሁም።

አሁን ወደ ጋሼ ልምጣ።

የትምህርት ቤታችን ደወል የመኪና ቸርኬ ነው። ዛፍ ላይ ተሰቅሎ በብረት ይመታል። ለእኔና ለእናንተ ደወል ነው፤ ለልጄ ግን ጭንቅላቱ ውስጥ የሚመታ ነገር ነው። መስከረም ውስጥ ሁለት ጊዜ ጆሮውን ይዞ በበሩ አመለጠ። አንዱን ቀን አስፋልት ላይ ነው የተያዘው። ጋሼ፣ ያኔ ሮጠው የያዙት እርስዎ ነዎት። ጉልበትዎ እንደሚያምዎት የሰማሁት በኋላ ነው። ከዚያ ወዲህ ማንም ሳያዝዎት ከመምታትዎ በፊት በክፍላቸው መስኮት እጅዎን ማውለብለብ ጀመሩ። ልጄ ያይዎትና ጆሮውን ይይዛል። ቀጥሎ ብረቱን አስነኩት። ቀጥሎ ቀስ ብሎ እንዲመታው ሰጡት። ራሱ ሲመታው ለካ አያስፈራውም።

ከየካቲት ጀምሮ የእረፍቱን ደወል እሱ ነው የሚመታው። ችግሩ፣ ልጄ የእጅ ሰዓት አለው። 4፡15 ከተባለ 4፡15 ነው። መምህራኑ "አንድ ደቂቃ ጨምርልን" ቢሉት አይሰማም። ያስቸገራችሁ መምህራን ሁሉ፣ ይቅርታችሁ ይድረሰን።

ዘሚ የኑስን ሳላነሳ ባልፍ ነውር ነው። በአካል አላገኘኋትም፤ በ2013 አርፋለች። ልጄ አፉን አልፈታ ሲል ሰው ሁሉ ቡዳ ነው ይለኝ ነበር። ጠበል ያመላለሱኝን ጎረቤቶቼንም አመሰግናለሁ፤ ብቻዬን አልተዉኝም። "ኦቲዝም" የሚለውን ቃል ግን መጀመሪያ የሰማሁት ዘሚ በቴሌቪዥን ስለ ልጇ ስትናገር ነው። ብዙዎቻችን ልጆቻችንን ቤት ስንደብቅ እሷ ልጇን ይዛ አደባባይ ወጣች፤ ጆይ የኦቲዝም ማዕከልንም ከፈተች። ያን ቀን ቴሌቪዥኑን ባልከፍት እስከ ዛሬ የት እንደምዞር እንጃ።

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ስማችሁን ያልጻፍኩት ሳላስፈቅድ እንዳይሆንብኝ ነው፤ እናንተ ታውቁታላችሁ።

ጋሼ፣ አንድ ነገር ላስቸግርዎት። ትምህርት ቤት መዘጋቱን ብነግረው እምቢ አለኝ። ጠዋት ጠዋት 2፡20 ሲል ዩኒፎርሙን ለብሶ፣ ቦርሳውን አንግቶ፣ በዝናቡ በር ላይ ይቆማል። ቤታችንን ያውቁታል። አንድ ቀን ብቅ ይበሉና "እስከ መስከረም ዝግ ነው" ይበሉልኝ። እኔን አያምነኝም።

የአንደኛ "ለ" ደወል መቺ እናት