ካርድ ከመግዛታችን በፊት ብሎኑን እንይ

ይድረስ ለጋዜጣው ዝግጅት ክፍል

የተከበራችሁ አዘጋጆች፣

ስለ ኃይል መቋረጥም ሆነ ስለ ፋብሪካዎች ሥራ ማቆም በሚወጡ ዘገባዎች «በቴክኒክ ብልሽት ምክንያት» የሚለው ሐረግ ደጋግሞ ይነበባል። ዘጋቢዎቻችሁን አልወቅስም፤ ከየኃላፊዎቹ የሚሰጣቸው መልስ ይኸው ነው። ሆኖም በተርባይን ኢንስትሩመንት (የመለኪያና የመቆጣጠሪያ መሣሪያ) ጥገና ላይ ለረጅም ዓመታት የሠራሁ፣ ከእነዚህም ዓመታት የተወሰኑትን በባሕረ ሰላጤው አገሮች በጋዝ ተርባይን ጣቢያ ያሳለፍኩ ባለሙያ እንደመሆኔ፣ ከዚህ ሐረግ ጀርባ ምን ሊኖር እንደሚችል ማስረዳት ግዴታዬ መስሎ ታይቶኛል። በብርቅ የውጭ ምንዛሪ ተገዝተው ከሚለወጡ የመቆጣጠሪያ ካርዶች (የኤሌክትሮኒክስ ሰሌዳዎች) መካከል ምንም ጉድለት የሌለባቸውን አውልቀን መጋዘን ስናስገባ በዓይኔ አይቻለሁና።

ተርባይን በእንፋሎት ይሁን በጋዝ ወይም በውኃ ይዙር፣ መቆጣጠሪያው የሚያውቀው በሽቦ የሚደርሰውን ብቻ ነው። የዘይትን ወይም የእንፋሎትን ግፊት የሚለካው ትራንስሚተር ልኬቱን ከ4 እስከ 20 ሚሊ አምፒር በሆነ ከረንት ይልካል። ከዜሮ ሳይሆን ከ4 የሚጀምረው በምክንያት ነው፤ ግፊቱ ዜሮ ቢሆንም እንኳ 4 ሚሊ አምፒር መምጣት ስላለበት፣ ከረንቱ ፈጽሞ ከጠፋ የጎደለው ግፊቱ ሳይሆን ሽቦው መሆኑ ይታወቃል። እነዚህ ሽቦዎች ከመስክ መጥተው የሚታሰሩበት ሰሌዳ የአናሎግ ግብዓት ተርሚናል ቦርድ ይባላል። ለምሳሌ ጄኔራል ኤሌክትሪክ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በሠራው ማርክ ሲክስ የተርባይን መቆጣጠሪያ ውስጥ ቲቢኤአይ የሚባለው ቦርድ 10 ገቢና 2 ወጪ ምልክቶችን የሚያስተናግድ ሲሆን፣ እያንዳንዳቸው 24 ብሎን ያሏቸው ሁለት የማሰሪያ ረድፎች አሉት። ለትራንስሚተሮቹ 24 ቮልት ያቀብላል፤ የሚመለሰውንም ከረንት በ250 ኦም ሬዚስተር አሳልፎ ከ1 እስከ 5 ቮልት ወደሆነ ምልክት ይለውጠዋል። ፕሮግራም የማይጫንበት፣ መብራቱ የማያብረቀርቅ ዝም ያለ ሰሌዳ ስለሆነ ይመስለኛል በጥገና ዕቅዶቻችን ውስጥ ስሙ እምብዛም የማይነሳው።

የገጠመኝን ልንገራችሁ። እዚሁ አገራችን በሚገኝ አንድ ፋብሪካ የእንፋሎት ተርባይኑ የቅባት ዘይት ግፊት ወረደ እያለ በሌሊት ፈረቃ ደጋግሞ «ትሪፕ» ያደርግ፣ ማለትም ራሱን ያቆም ነበር። መለኪያው ከ0 እስከ 4 ባር (ባር የግፊት መለኪያ አሃድ ነው) የተስተካከለ በመሆኑ፣ የተለመደው 2 ባር ሲኖር 12 ሚሊ አምፒር መነበብ አለበት፤ 0.8 ባር ላይ፣ ማለትም 7.2 ሚሊ አምፒር ላይ፣ ተርባይኑ ራሱን ያቆማል። በቧንቧው ላይ ያለው ባለ መርፌ ጌጅ ግን ከ2 ባር ንቅንቅ አላለም። ከተርሚናል ቦርዱ የሚመጣውን ምልክት የሚያነበው የግብዓት ካርድ ተለወጠ፤ ከሁለት ቀን በኋላ ተርባይኑ መልሶ ቆመ። ትራንስሚተሩም ተለወጠ፤ ያው ሆነ። በመጨረሻ ተርባይኑ እንደቆመ፣ ረዳት የዘይት ፓምፑ ብቻ እየሠራ፣ ማልቲሜትሬን (የኤሌክትሪክ መለኪያዬን) በመስመሩ ውስጥ አስገብቼ በተርሚናል ቦርዱ ላይ ያሉትን ሽቦዎች አንድ በአንድ በጣቴ ነካ ነካ ማድረግ ጀመርኩ። አንደኛውን ስነካው 12 የነበረው ወደ 6 ወረደ፤ ስለቀው ተመለሰ። በካቻቪቴ ፈትቼ ሳየው ብሎኑ አብዛኛውን የነከሰው መዳቡን ሳይሆን የሽቦውን ፕላስቲክ ልባስ ነበር፤ ከመዳቡ የያዘው ሁለት ሦስት ክር ብቻ ሲሆን እነሱም ጠቁረዋል። ተርባይኑ ሲንቀጠቀጥ መገናኛው ይላላል፤ ለትራንስሚተሩ መድረስ የነበረበት ቮልቴጅ እዚያችው ላይ ይባክንና ከረንቱ ይወርዳል። ልባሱን አንድ ሣንቲ ሜትር ያህል ገፍፌ፣ ጫፉን በትክክል ጨምቄ መልሼ አሰርኩት። ችግሩ ዳግም አልተመለሰም። የወለቀው ካርድም ተፈትኖ ደኅና ሆኖ ተገኘ።

አንዳንድ ባልደረቦቼ ዘመናዊ መቆጣጠሪያ ሦስት ኮምፒውተር ስላለው እንዲህ ያለ ስሕተት ሊያሳስተው አይችልም ይላሉ። በዚህ አልስማማም። በእርግጥ ሦስት ኮምፒውተር ባለው ማርክ ሲክስ አር፣ ኤስ እና ቲ የሚባሉት ሦስቱ ተቆጣጣሪዎች ድምፅ ይሰጣሉ፤ ሁለቱ የተስማሙበትም ይጸናል። ነገር ግን አንድ ትራንስሚተር በአንድ ብሎን ታስሮ ምልክቱ ከዚያ ለሦስቱም ከተከፋፈለ፣ ሦስቱም የሚመሰክሩት ከአንድ ሰው አፍ የሰሙትን ነው፤ ብሎኑ ከላላ ሦስቱም በአንድ ድምፅ ይሳሳታሉ። ስለዚህ ተርባይንን ለሚያቆሙ ምልክቶች ሦስት ትራንስሚተሮች ሊኖሩ፣ ከተቻለም በተለያዩ ቦርዶች ላይ ሊታሰሩ ይገባል። ለተጨማሪ ሁለት ትራንስሚተሮች የሚወጣው ገንዘብ ከአንድ ቀን የምርት መቋረጥ ጋር ሲነጻጸር ከቁም ነገር የሚገባ አይደለም።

ሌላው በቸልታ የሚታለፍ ነገር ጃምፐር ነው። በቦርዱ ላይ ያሉት እነዚህ ትናንሽ መሰኪያዎች እያንዳንዱ መስመር ከረንት ወይም ቮልቴጅ እንዲያነብ የሚያደርጉ ናቸው። አሮጌው ቦርድ ወጥቶ አዲሱ ሲገባ የአሮጌው አቀማመጥ ካልተመዘገበ፣ አዲሱ ቦርድ ጤነኛ ሆኖ ሳለ ንባቡ ከገደብ ውጭ ይሆንና «ይኸኛውም ተበላሽቷል» ይባላል። የኬብሉ ሺልድም (ሽቦዎቹን ከረብሻ የሚከላከለው የብረት ሽፋን) እንዲሁ ነው፤ በአንድ ጫፍ ብቻ፣ ብዙውን ጊዜ በቦርዱ በኩል፣ ከግራውንድ (ከመሬት መስመር) ጋር መያያዝ ሲገባው ለበለጠ ጥንቃቄ ተብሎ በሁለቱም ጫፍ ሲታሰር አይቻለሁ፤ ይህም ከኃይል መስመሮች የሚመጣው የ50 ኸርዝ ረብሻ ወደ ንባቡ እንዲገባ በር ይከፍታል።

ይህን ሁሉ የማነሳው ጉዳዩ የአንድ ፋብሪካ ጉዳይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ጊቤ ሦስት 10 ተርባይኖች አሉት፤ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የታላቁ ሕዳሴ ግድብ ደግሞ 13። በየአንዳንዱ ዩኒት የሚለኩት የውኃና የዘይት ግፊቶች፣ የተሸካሚዎች (የቤሪንጎች) ሙቀትና የውኃ ማስገቢያ በሮች አከፋፈት በመጨረሻ የሚያርፉት በተርሚናል ላይ ነው። የስኳር ፋብሪካዎቻችንም በእንፋሎት ተርባይን የራሳቸውን ኃይል ያመነጫሉ። ታዲያ የቴክኒክና ሙያ ኮሌጆቻችን ተማሪውን የከረንትን ትርጉም በጥቁር ሰሌዳ ላይ ከማስጻፍ አልፈው አንድ ትራንስሚተር፣ አንድ የ24 ቮልት ምንጭ፣ አንድ ባለ 250 ኦም ሬዚስተርና አንድ ማልቲሜትር ሰጥተው መስመሩን በእጁ እንዲያስር፣ እንዲያበላሽና ብልሽቱን እንዲያገኝ ቢያደርጉት ምን ይከብዳል? የድርጅቶች የግዥ ክፍሎችም የካርድ ግዥ ጥያቄ ሲቀርብላቸው በተርሚናሉ ላይ የተለካው ከረንት የተመዘገበበት፣ የለካውም ሰው የፈረመበት ወረቀት አብሮ እንዲያያዝ ቢያስገድዱ፣ ብዙ ጥያቄ ከመፈረሙ በፊት መልስ ያገኝ ነበር።

እኔ በምሠራበት ክፍል የእያንዳንዱ ቦርድ የጃምፐር አቀማመጥ፣ የየመስመሩ ስምና በጤና ጊዜ የተነበበው ሚሊ አምፒር የሠፈረበት ባለ አንድ ገጽ ሠንጠረዥ በካቢኔቱ በር ውስጥ በፕላስቲክ ተሸፍኖ ተለጥፏል። በየዓመቱ የጥገና ወቅት ብሎኖቹን አጥብቀን ቁጥሮቹን እንደገና እንሞላለን። ባዶውን ቅጽ በእናንተ በኩል ለሚጠይቅ ማንኛውም ተቋም ወይም መምህር ለመስጠት ፈቃደኛ ነኝ።

ከታላቅ አክብሮት ጋር፣
አንድ የኢንስትሩመንት ጥገና ባለሙያ
ከአዳማ