ቱቦውን መርምራችኋል፤ አገባቡንስ?
ለሕክምና መሣሪያዎች ፈቃድና ግዢ መሥሪያ ቤት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ጉዳዩ፦ ካቴተር ከመገዛቱ በፊት አገባቡ በተጠቃሚዎች እጅ እንዲሞከር ስለመጠየቅ

የተከበራችሁ ኃላፊዎች፣

ሥራዬ ነርስነት ነው። የሽንት ካቴተር፣ ማለትም ሽንት የሚያወጣ ቀጭን ቱቦ፣ ማስገባት የዕለት ተዕለት ሥራዬ ነው። ካቴተር ስትገዙ ስለ ቱቦው ትጠይቃላችሁ። ከምን ተሠራ? ስቴራይል (ከጀርም የጸዳ) ነው ወይ? ውፍረቱ ስንት ነው? ዋጋውስ? መጠየቅ ያለበት ነው። ቱቦው ሰው ሰውነት ውስጥ ሲገባ ያለችው ደቂቃ ግን ጥያቄ ውስጥ አትገባም። እሷ ለነርሷ ጣቶች ትተዋለች።

ከሴቶች ልጀምር። የሴት የሽንት ቧንቧ አጭር ነው፤ 4 ሴንቲ ሜትር ገደማ። ስለዚህ ቀላል ይመስላል። ችግሩ ቀዳዳውን ማግኘቱ ላይ ነው። በዕድሜ፣ በውፍረት ወይም ከወሊድ በኋላ በሚመጣ እብጠት ቦታው ይደበቃል። አንድ እጃችን ገልጦ ይይዛል፣ ሌላው ንጽሕናውን ጠብቆ ቱቦውን ይመራል። መብራቱን ማን ይያዝልን? ካቴተሩ ተሳስቶ ከሽንት ቀዳዳው በታች ወዳለው የሴት ብልት ቀዳዳ ከገባ የቆየ ብልሃት አለን። ምልክት እንዲሆነን እዚያው እንተወውና አዲስ ካቴተር ከሱ በላይ እንሞክራለን። ይሠራል፣ አልክድም። ግን አንድ ካቴተር ባከነ፣ ታካሚዋም ሁለት ጊዜ ተሳቀቀች። ገልጦ የሚይዝ፣ ትንሽ መብራት ያለው፣ ቱቦው የሚሄድበት ቦይ ያለው መያዣ ቢኖረን ሁለተኛ እጅ ይሆነን ነበር። ይኼ ኮምፒውተር አይፈልግም። በቅጡ የታሰበበት ፕላስቲክ ይበቃል።

በወንድ በኩል ጣጣው ሌላ ነው። መንገዱ 20 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው፣ ይታጠፋል፣ ከፊኛ (ከሽንት ከረጢት) ሥር ባለው ፕሮስቴት በሚባል ዕጢ መሃል ያልፋል። ፕሮስቴት ካበጠ ቀጥ ያለው ጫፍ እዚያ ይቆማል። በጉልበት ከተገፋ ቧንቧውን ቀዶ የራሱን መንገድ ያበጃል። ጫፉ ቀና ብሎ የተጣመመ ኩዴ የሚባል ካቴተር አለ፤ መታጠፊያውን ተከትሎ ይወጣል። ሲያስፈልገን ግን መጋዘን ውስጥ የለም፣ ምክንያቱም ግዢው በጅምላ ቀጥ ያለው ላይ ነው።

ሌላም መንገድ አለ። እ.ኤ.አ. በ1953 ስዊድናዊው ራዲዮሎጂስት ስቬን ኢቫር ሴልዲንገር ለደም ሥር አንድ ዘዴ አሳተመ። መጀመሪያ ቀጭን ሽቦ ይገባል፣ ቱቦው በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ይከተላል። ያው ሐሳብ ዛሬ ጫፉ ለስላሳ በሆነ ሽቦ ለሽንት ካቴተርም ይሠራል። ችግሩ ይህን ዘዴ በደንብ የሚያውቀው አብዛኛውን ጊዜ ዩሮሎጂስቱ (የሽንት አካላት ሐኪም) ነው፤ ሌሊት ደግሞ እሱን ማግኘት ዕድል ነው። ሽቦውና ቱቦው አንድ ላይ ተዘጋጅተው ቢመጡ፣ ነርስም ሠልጥና ብትጠቀምበት ምን ይጎዳል?

ከሁሉ የሚያስፈራኝ ባሉኑ ነው። በአሜሪካዊው ዩሮሎጂስት ፍሬድሪክ ፎሊ ስም የሚጠራው ካቴተር ከ1930ዎቹ ወዲህ መሠረታዊ ቅርጹ ያው ነው። ጫፉ አጠገብ ያለው ባሉን (የሚነፋ ትንሽ ከረጢት) የሽንት ፊኛ ውስጥ አብዛኛውን ጊዜ በ10 ሚሊ ሊትር ውሃ ይነፋና ቱቦው እንዳይወጣ ይይዘዋል። ባሉኑ ያለበትን ቦታ ግን ዓይናችን አያየውም። ፊኛ ሳይደርስ ከተነፋ ቧንቧው ይቀደዳል፣ ይደማል፤ ጠባሳው ቆይቶ መንገዱን ሊያጠብ ይችላል። መመሪያው «ሽንት እስኪመጣ ጠብቁ፣ ለወንድ እስከ መጨረሻው አስገቡ» ይላል። መመሪያውን የሚፈጽመው ግን የደከመ ሰው ነው። እ.ኤ.አ. በ2009 የእንግሊዝ የታካሚዎች ደኅንነት ተቋም ለሴት የተሠራው አጭር ካቴተር ለወንዶች እየገባ ጉዳት እያደረሰ መሆኑን አስጠንቅቆ ነበር። አጭሩ ፊኛ አይደርስም፤ ባሉኑ መንገድ ላይ ይነፋል። የሚመሳሰሉ ሁለት ዕቃዎች አንድ መደርደሪያ ላይ ከተቀመጡ አንድ ቀን መምታታታቸው አይቀርም። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ውሃውን ወደ ውጭ የሚለቅ ቫልቭ ተሠርቷል። ነርሷ ብትሳሳት እንኳ ዕቃው ያስጥላል። እንዲህ ዓይነቱ ነገር በመስፈርታችሁ ውስጥ ነጥብ ሊያገኝ ይገባል።

ራሳቸው ለራሳቸው የሚያስገቡትንም አትርሱ። እ.ኤ.አ. በ1972 ጃክ ላፒደስ የተባለ ሐኪም ሰው በንጹሕ እጅ፣ በየተወሰነ ሰዓት ራሱ ካቴተር ማስገባት እንደሚችል ካሳየ ወዲህ የብዙዎች ሕይወት ቀልሏል። በተለይ የአከርካሪ ጉዳት ያለባቸው ሰዎች ተጠቅመዋል። ግን ከመካከላቸው ጣቶቹ የማይጨብጡለት አለ። ማሸጊያውን በምን ይክፈተው? ጣት የሚገባበት ቀለበት፣ ወፈር ያለ መያዣ፣ ለሴቶች ጉልበት መሃል የሚቆም መስታወት፣ ውሃ ሲነካው የሚያዳልጥ ሽፋን፤ እነዚህ ቅንጦት አይደሉም። ሰውየው ፊኛው ሲሞላ ሌላ ሰው መጥራት አለበት ወይስ የለበትም የሚለውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው።

አዲስ ነገር ሁሉ ይገዛ እያልኩ አይደለም። አንዳንዱ መሣሪያ ማስታወቂያ ላይ ያምራል፣ ጄል የነካ ጓንት ሲይዘው ግን ያመልጣል። የማያስፈልግ ካቴተር አለማስገባትም ከሁሉ ይቀድማል። ገብቶ በቆየ ካቴተር ባክቴሪያ ሽንት ውስጥ የመታየት ዕድሉ በየቀኑ ከ3 እስከ 7 በመቶ ነው። የግድ ሲገባ ግን በመጀመሪያው ሙከራ ይግባ።

የምጠይቀው ይህን ነው። ናሙና ሲቀርብላችሁ ወረቀቱን ብቻ አትዩ። በማሠልጠኛ ሞዴል ላይ፣ ጓንት አጥልቀን፣ ጄል ቀብተን እንሞክረው። ሞካሪዎቹ አዲስ ነርሶችም ነባሮችም ይሁኑ፤ እጃቸው የደከመ ተጠቃሚዎችም ይጨመሩ። በስንተኛው ሙከራ ገባ? የት ቦታ ላይ እጅ ግራ ተጋባ? ይህ ይመዝገብ፣ ከዋጋው እኩል ነጥብ ይኑረው። የሕክምና መሣሪያን አጠቃቀም ስለመፈተሽ አይኢሲ 62366 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት ስላለ ከዜሮ አትጀምሩም። ታካሚ ካርድ ላይም «ስንት ጊዜ ተሞከረ» የሚል አንድ መስመር ይጨመር። ዛሬ ያልተሳካ ሙከራ የትም አይጻፍም፤ ርካሹ ካቴተር ርካሽ የሚመስለውም ለዚህ ነው። ለንድፍ ሠሪዎችም ዋርድ ገብተው እጃችንን እንዲያዩ ፈቃድ ስጧቸው፤ በእርግጥ ታካሚው ሲስማማ ብቻ።

የሚቀጥለው ጨረታ አሸናፊ ከመለየቱ በፊት ናሙናዎቹን ወደ አንድ ዋርድ ላኩልን። በሌሊት ተራ ቢሆን ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
አንዲት የዩሮሎጂ ክፍል ነርስ