ኩላሊቱን የታመመ አብራሪ ሁሉ ከበረራ አይሰናበትም

ለተከበሩ የጋዜጣው አዘጋጅ፣

በደብረ ማርቆስ የምሠራ የውስጥ ደዌ ሐኪም ነኝ። ለአብራሪነት ሥልጠና ለመመዝገብ የሚያስቡ የምሥራቅ ጎጃም ወጣቶች አስቀድመው ሽንታቸውን ሊያስመረምሩ ሲመጡ፣ ደም ወይም ፕሮቲን ከተገኘባቸው መጀመሪያ የሚጠይቁኝ ስለ ሕክምናው ሳይሆን ውጤቱን መደበቅ ይቻል እንደሆነ ነው። ኩላሊቱን የታመመ ሰው ከእንግዲህ አይበርም የሚለው ወሬ ይህን ያህል ሥር መስደዱ እጅግ ያሳስበኛል።

ጥንቃቄው ያለ ምክንያት አልመጣም። ጠጠር ከኩላሊት ወደ ሽንት ቱቦ ሲወርድ ሕመሙ በድንገት ይነሣል፤ ከጎን እስከ ብሽሽት ይወጋል፣ ያስመልሳል፣ በላብ ያጠምቃል፣ በሽተኛውም አንድ ቦታ አርፎ መቀመጥ ተስኖት ይንቆራጠጣል። እንዲህ የሆነ ሰው አውሮፕላን ማሳረፍ ይቅርና የሬዲዮ መልእክት በቅጡ መስማት ይከብደዋል፤ ኃይለኛው ማስታገሻም ቢሆን ያደነዝዛል። የሥራው ጠባይ ደግሞ ችግሩን ያባብሳል። በአውሮፕላኑ ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ቢበዛ በ2,400 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው ጋር ስለሚመሳሰል ለእኛ ለደጋ ሰዎች እንግዳ አይደለም፤ እርጥበቱ ግን ብዙውን ጊዜ ከ20 በመቶ በታች ነው። በዚያ ላይ መጸዳጃ ቤት ላለመመላለስ ብሎ ውኃ የሚቀንስ አብራሪ ሽንቱ እየወፈረ ለጠጠር ይጋለጣል።

ሆኖም የዓለም አቀፉ ሲቪል አቪዬሽን ድርጅት መመዘኛ የሚጠይቀው ሽንት እንዲመረመርና የተገኘው ችግር በሚገባ እንዲጣራ ነው። ጠጠሩ ወጥቶ በአልትራሳውንድ ወይም በሲቲ ስካን ቀሪ እንደሌለ የታየለት፣ አንድ ኩላሊቱን ለወገኑ ለግሶ በደኅና ያገገመም ወደ በረራ ሊመለስ ይችላል። በአንዳንድ አገሮች ንቅለ ተከላ የተደረገለት እንኳ የጤናው ክትትል አስተማማኝ ሲሆን ከሌላ አብራሪ ጋር እንዲበር ይፈቀድለታል። እጥበት ላይ ላለ ሰው ግን አይፈቀድም።

ወጣቶቹን የምለምነው ምርመራውን እንዲደግሙ ነው። አንድ ጊዜ የታየ ፕሮቲን ወይም ደም ትኩሳት ወይም ከባድ ሩጫ ያመጣው ሊሆን ይችላል፤ ጥቂት ቀን ዐርፈው ሲመለሱ ሽንታቸው ንጹሕ የሚሆንላቸው አሉ። ወላጆችም «ዝም በል» ከማለት ይቆጠቡ። በሥራ ላይ ላሉት ግን ምክር ብቻ አይበቃም፤ ልጆች የሚያሳድግ ሰው እንጀራውን ሊያጣ እንደሚችል እያወቀ ሕመሙን ይናገር ማለት ፍትሐዊ አይመስለኝም። ስለዚህ አሠሪ ድርጅቶች ለሕክምና ከበረራ የሚታገድ አብራሪ ደመወዙና ማዕረጉ እንደሚጠበቅለት በሥራ ውሉ ላይ በግልጽ እንዲያሰፍሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

የውስጥ ደዌ ሐኪም፣
ከደብረ ማርቆስ